34 ካሬ የት ገባ? የአንድ ማኅበር ቦታ ልኬት ወደ ጂፒኤስ ሲዛወር

ቦታው ደሴ ዳርቻ ላይ ነው። ጦሳን በምዕራብ እያየ የተዘረጋ፣ ርዝመቱ 300 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሜትር የሚሆን መሬት። ይዞታው የአንድ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ነው። ከዓመታት በፊት በቶታል ስቴሽን (ርቀትንና አንግልን አብሮ በሚለካ መሣሪያ) ተለክቷል፣ ተሸንሽኗል፣ በየማዕዘኑ የኮንክሪት ችካል ተተክሎበታል። ልኬቱ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ልኬቱ ከራሱ ውጭ ማንንም አለማወቁ ነው።

የለካው ሰርቬየር መሣሪያውን የተከለበትን ነጥብ ምሥራቅ 1000፣ ሰሜን 1000 አለው። ከፍታውን 100 አለው። ዜሮ ዲግሪውን ተራራው ላይ ወዳለ አንቴና አዞረ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። ይህ ነውር አይደለም። በአቅራቢያው የታወቀ ኮንትሮል፣ ማለትም ቦታው በቁጥር የተረጋገጠ ነጥብ፣ ከሌለ ሌላ ምን ይደረጋል? በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ትክክል ነው፣ አንግሉም ትክክል ነው፣ መሸንሸን ይቻላል። ለግንባታ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ ግን ካዳስተር (የይዞታ ካርታና መዝገብ) የሚለው ቃል ከመሬት ቢሮዎች አፍ አይጠፋም። ማኅበሩም ይዞታውን ለማስመዝገብ ሲሄድ በአገሪቱ ኮኦርዲኔት (የጋራ የቦታ ቁጥር) የተዘጋጀ ልኬት አምጡ ተባለ። እንደገና ሁሉንም ማስለካት አንዱ መንገድ ነበር። ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ ያኔ የተለኩት አንዳንድ ነገሮች፣ ለምሳሌ የድሮው ቦይና የጓሮ ዛፎች፣ ዛሬ የሉም። ስለዚህ ጥቂት ችካሎችን በጂፒኤስ ለክተን ሌላውን በስሌት እናዛውረው ተባለ። ሥራው ወደ እኔና ወደ አንድ የሙያ ጓደኛዬ መጣ።

ስሌቱን በኤክሴል ለመሥራት ወሰንን። ይህን የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል። ግን አንድ ቁልፍ ተጭኖ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም መንገዱን አያሳይም። ኤክሴል ሲሆን የማኅበሩ ሰብሳቢም፣ የቢሮው ባለሙያም ፋይሉን ከፍቶ እያንዳንዱን ሴል ጠቅ አድርጎ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይችላል። የመሬት ነገር ሲሆን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ የእጅ ጂፒኤስ ነበር የቀረበልን። ማኅበሩ ውስጥ አንዱ አባል አለው፣ በነፃ ነው። ሞከርነው። የእጅ ጂፒኤስ ደህና ሲሠራ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ይህ ለእረኛም ለአሽከርካሪም በቂ ነው። 300 ሜትር ላይ 3 ሜትር ስትስት ግን ስሕተትህ 1 በመቶ ነው። ኤክሴል ያወጣልን ስኬል፣ ማለትም አዲሱ ርዝመት ለድሮው ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር፣ 1.011 ሆነ። በዚህ ቁጥር ቢሄድ 24,000 ካሬው ወደ 530 ካሬ ገደማ ይጨምር ነበር። ማኅበሩ ሳይከፍል የጥቂት አባላት ቦታ ያተርፍ ነበር ማለት ነው። ደስ የሚል ዜና ነው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ።

ስለዚህ ዲጂፒኤስ ተከራየን። አንዱ መሣሪያ የታወቀ ነጥብ ላይ ይቆማል፣ ሌላው እየዞረ ይለካል፣ ውጤቱ በአንድ ሁለት ሳንቲም ውስጥ ይገኛል። ቢሮው ኮኦርዲኔታቸው የታወቀ ሁለት ነጥቦች ሰጠን። በአንዱ ላይ ቤዙን (የሚቆመውን መሣሪያ) ተከልን፣ ሁለተኛውን ለመፈተሻ ለካን። ሁለተኛው የራሱን ቁጥር ሲሰጠን ነው ወደ ማኅበሩ ቦታ የሄድነው። ይህን ፈተና የሚዘል ሰው ሞልቷል። ለምን እንደሚዘል አይገባኝም፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እዚህ ላይ ስለ ዳተም፣ ኮኦርዲኔት ስለሚቆጠርበት መሠረት፣ ማንሳት ግድ ነው። የቢሮው ካርታ በአዲንዳን ነበር። አዲንዳን መነሻ ነጥቡ ግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ የሆነ፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ከዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጋር ወደ እኛ አገር የዘለቀ የልኬት መሠረት ነው። የምድርን ቅርፅ የሚወስደው ክላርክ 1880 ከተባለው ስሌት ነው። ጂፒኤስና ጉግል ኧርዝ ደግሞ የሚሠሩት በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱም ዩ ቲ ኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚቆጥር የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ይላሉ፣ ሁለቱም ስድስት አሃዝ ምሥራቅና ሰባት አሃዝ ሰሜን ይሰጡሃል። ስታያቸው አንድ ይመስላሉ። ደሴ አካባቢ ግን በሁለቱ መካከል ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን 206 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ።

የሰብሳቢው ልጅ ይህን በራሱ መንገድ አገኘው። ያዘጋጀነውን የአዲንዳን ቁጥር ወስዶ ጉግል ኧርዝ ላይ አስገባው። ማታ ስልክ ደወለ። «ቦታችን ገደል ውስጥ ገባኮ!» አለኝ። የገባው ወደ ደቡብ ምዕራብ 227 ሜትር ገደማ ነው። ለማየት ብቻ ከሆነ 95ቱንና 206ቱን ደምርና አስገባ አልኩት። ለማየት ብቻ። ከአዲንዳን ወደ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ለመሄድ ለኢትዮጵያ የታተሙት ሦስት ቁጥሮች፣ ማለትም ከምድር መሐል ተነሥተው በሦስት አቅጣጫ የሚደመሩት −165፣ −11 እና 206 ሜትር፣ ጥቂት ሜትር ስሕተት ይዘው ነው የሚመጡት። ለይዞታ ድንበር አይሆኑም። ቤዙን ቢሮው ባወቀው የአዲንዳን ነጥብ ላይ የተከልነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኤክሴሉ። ለማዛወሪያ አምስት ችካሎች መረጥን፤ አራቱ የማዕዘን ናቸው፣ አንዱ መሐል ያለ። ሁለት ነጥብ ለስሌቱ ይበቃል፣ ግን ሁለት ብቻ ከሆነ ምንም ነገር ቢበላሽ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ልክክ ይላል። ስሌቱ ይህ ነው፦

አዲስ ምሥራቅ = ሀ × የድሮ ምሥራቅ − ለ × የድሮ ሰሜን + ሐ
አዲስ ሰሜን = ለ × የድሮ ምሥራቅ + ሀ × የድሮ ሰሜን + መ

ሀ እና ለ መዞሩንና ስኬሉን አብረው ይይዛሉ። ሐ እና መ ደግሞ የሚገፉ ናቸው። ከአምስቱ ነጥቦች ሀን፣ ለን፣ ሐን እና መን ለማግኘት እንዲህ አደረግን። ለእያንዳንዱ ችካል የድሮውንና የአዲሱን ምሥራቅና ሰሜን በአራት ኮለም አስቀመጥን። ከሥሩ አማካዩን አወጣን። ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር ከአማካዩ ቀንሰን በሌላ አራት ኮለም ጻፍን። ሚሊዮን የሚደርሱት ቁጥሮች በዚህ ወደ መቶ ሜትር ይወርዳሉ፣ ለዓይንም ይቀላሉ። ከዚህ በኋላ የሚሠራው በእነዚህ በተቀነሱት ነው። የድሮ ምሥራቅ በአዲስ ምሥራቅ፣ የድሮ ሰሜን በአዲስ ሰሜን ተባዝተው ይደመራሉ። ይህን የድሮዎቹ ምሥራቅና ሰሜን ስኩዌር ድምር ሲያካፍለው ሀ ይወጣል። የድሮ ምሥራቅ በአዲስ ሰሜን ተባዝቶ፣ ከእሱ የድሮ ሰሜን በአዲስ ምሥራቅ ተባዝቶ ሲቀነስ፣ ድምሩም በዚያው ሲካፈል ለ ይወጣል። ሰምፕሮዳክት የተባለው ፎርሙላ ሁሉንም በአንድ ሴል ይጨርሳል። ሐ እና መ ከአማካዮቹ ይገኛሉ፤ የድሮውን አማካይ በሀ እና በለ አዙረህ ከአዲሱ አማካይ ትቀንሳለህ።

የእኛ ሀ 0.79812፣ ለ 0.60131 መጣ። ሐ 569,017.55፣ መ 1,229,188.47። ቦታው የሰው ስለሆነ የሐ እና የመ መጨረሻ አሃዞችን እዚህ ቀይሬያለሁ። በእነዚህ ቁጥሮች የድሮ ምሥራቁ 1182.40፣ የድሮ ሰሜኑ 1067.25 የነበረ ማዕዘን 569,319.50 እና 1,230,751.25 ይሆናል። ካልኩሌተር አውጥታችሁ ሞክሩት።

ሁለት ሦስት ወጥመዶች አሉ፣ ቶሎ ልለፋቸው። የቶታል ስቴሽኑ ፋይል ሰሜንን ያስቀድም ነበር። እኛ ደግሞ ኤክስ ዋይ እያልን ምሥራቅን ማስቀደም ለምደናል። ኮለሞቹ ከተቀያየሩ ቦታው ይገለበጣል። ይህ ስሌት ማዞርና መግፋት እንጂ መገልበጥ አይችልም፤ ስለዚህ በተሰላውና በጂፒኤስ በተለካው መካከል ያለው ልዩነት በአሥር ሜትሮች ይቆጠራል። ልዩነትህ እንዲህ ካበጠ መሣሪያውን ከመውቀስህ በፊት ኮለሙን እይ። ሁለተኛው፣ አንግሉን ለማግኘት የሚያገለግለው ኤታን ቱ (ATAN2) የተባለው የኤክሴል ፎርሙላ መጀመሪያ ሀን፣ ቀጥሎ ለን ነው የሚፈልገው። ብዙ የፕሮግራም ቋንቋ የሚያደርገው በተቃራኒው ነው። ሦስተኛው፣ ሀን እና ለን አጠጋግተህ አራት አሃዝ ብቻ አትቅዳ። የድሮ ቁጥሮችህ ሺሕ ላይ ስለሆኑ ከ10 ሳንቲም በላይ ሊያሳጣህ ይችላል። ከፍታውን ለብቻው ነው የሠራነው፣ በአንድ ቁጥር መደመር ብቻ ነበር።

አንግሉ 37 ዲግሪ ሆነ። አንቴናው ከሰሜን ወደ ምዕራብ ያለው በዚያ አቅጣጫ ነውና ይህ ማንንም አላስገረመም።

ዋናው ነገር ቀሪ ልዩነት የሚለው ኮለም ነው። ባገኘኸው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አምስቱን ችካሎች መልሰህ ታዛውራለህ፣ በጂፒኤስ ከተለካው ትቀንሳለህ። የተረፈው ቀሪ ልዩነት ነው። ዲጂፒኤሱ በሁለት ሳንቲም የሚለካ ከሆነ፣ ድሮ የለካውም ሰው ጎበዝ ከሆነ፣ ከሁለት ሦስት ሳንቲም መብለጥ የለበትም። የእኛ እንዲህ ነበር፦ 1ኛው ችካል 15 ሳንቲም፣ 2ኛው 12፣ 3ኛው 18፣ 4ኛው 36፣ 5ኛው 13።

ሁሉም መጥፎ ይመስላል። ይህ ነው አታላዩ። አንድ ነጥብ ብቻ ሲበላሽ ስሌቱ ጥፋቱን ለሁሉም ያካፍላል። ጥፋተኛው ከድርሻው በታች ያሳያል፣ ንጹሖቹ ደግሞ ያልሠሩትን ይሸከማሉ። አማካዩን አይቶ «20 ሳንቲም ቢሆን ነው፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ማስረከብ ይቻላል። እንዲህ ያለ ፋይል ሲያልፍ አይቻለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ በአንድ እያወጣህ እንደገና ማስላት። 1ኛውን አወጣን፣ ሌሎቹ እንዳበጡ ቀሩ። 2ኛው፣ 3ኛው፣ ያው ነው። 4ኛውን ስናወጣ የቀሩት አራቱ በሙሉ ከ2 ሳንቲም በታች ወረዱ። ከላይ የሰጠኋችሁ ሀ እና ለ ከዚህ ከአራቱ የመጡ ናቸው። 4ኛው ችካል መሆን ካለበት ቦታ ወደ ማኅበሩ መሬት 60 ሳንቲም ገብቷል።

ኤክሴል ግን ይህን ያህል ብቻ ነው የሚያውቀው። ችካሉ ተንቀሳቅሶ ነው ወይስ ድሮ ሲለካ ተስቶ ነው? ይህን የሚመልሰው ሜዳው ነው። ሄደን ከ3ኛው እስከ 4ኛው ችካል በሜትር ለካን። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ሜትሩን አግድም እየወጠርን፣ በቱምቢ እያወረድን። በድሮው ቁጥር 80.22 ሜትር መሆን ሲገባው 79.64 አገኘን። የችካሉ ግርጌ ላይ ያለው ኮንክሪት ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። የሌሎቹ ሲሚንቶ ጠቁሯል፣ የድንጋይ ሽበት አውጥቷል። የዚህኛው ጎን ተላልጧል፣ ዙሪያው ያለው አፈር ልል ነው፣ ራሱም ትንሽ ጋደል ብሏል።

ከአጥሩ ወዲያ ቡና እየቆሉ የነበሩ እናት ሲያዩን ቆይተው ጣልቃ ገቡ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው ልጆቼ?»

«ይሄ ችካል ተነቅሎ ያውቃል እማማ?»

«እሱንማ ገልባጭ መኪና ገጭቶ ጣለው። አሸዋ ሊያራግፍ መጥቶ። ልጆቹ ናቸው እንደነበረ የተከሉት።»

እንደነበረ። 60 ሳንቲም ሲቀረው። ልጆቹ ላይ አይፈረድም፤ ድንጋዩን ወድቆ ከመተው መትከላቸው ራሱ ደግነት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ጎረቤት የቆርቆሮ አጥሩን ያጠረው ይህን ችካል እያየ መሆኑ ነው።

ይህን ጨርሰን የመጨረሻውን ሺት ለማኅበሩ ስናሳይ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። በድሮው ኮኦርዲኔት ስፋቱን አሰሉ፣ 24,000። በአዲሱ አሰሉ፣ 23,966። መነጽራቸውን አውልቀው አዩን።

«34 ካሬ የት ገባ?»

«አብሽሩ ጋሼ፣ መሬቱ አልተነካም» አልኩ። አልረኩም። መርካትም አልነበረባቸው።

መልሱ ስኬሉ ውስጥ ነው። ሀን ስኩዌር፣ ለን ስኩዌር፣ ደምረህ ስኩዌር ሩት ስታወጣ 0.99928 ይመጣል። ሰው ይህን ሲያይ ልኬት ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም በግድ 1 ያደርገዋል። ወሎ ውስጥ ግን 1 ቢመጣ ነበር መደንገጥ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ዩ ቲ ኤም ራሱ። የዞን 37 መካከለኛ መስመር 39ኛው ዲግሪ ነው፣ ላሊበላ አጠገብ ያልፋል። እዚያ መስመር ላይ ካርታው ሆን ተብሎ በ0.9996 ያነሰ ነው፤ ከመስመሩ በራቅህ ቁጥር ቀስ እያለ ያድጋል። ደሴ ከመስመሩ ወደ 69 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ 0.99966 ይደርሳታል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ካርታው የሚሣለው በባሕር ወለል ልክ ነው፣ ቦታው ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። የሽንኩርት የውጭው ልጣጭ ከውስጠኛው ይሰፋል። ይህ 0.99962 ይሰጣል። ሁለቱን አባዙ፣ 0.99928። አራት ችካል ለክተን ያገኘነው ቁጥር ከከፍታውና ከመስመሩ ርቀት ብቻ ተነሥቶ ከሚሰላው ጋር ገጠመ። እኔ በዚህ ሥራ ከምንም በላይ ያመንኩት ይህን ነው። 4ኛው ችካል ቢገባበት ኖሮ እንዲህ አይገጥምም ነበር።

በሌላ አነጋገር ደሴ ላይ በሜትር የለካኸው 1 ኪሎ ሜትር ካርታው ላይ 72 ሳንቲም ያንሳል። ኮምቦልቻ ብትወርድ፣ ከፍታውም ስለሚቀንስ ከመስመሩም ስለምትርቅ፣ 61 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ላሊበላ ከተማ ላይ 80 ሳንቲም ይጠጋል። አንዱን ቁጥር ከሌላ ከተማ ፋይል ገልብጦ መጠቀም የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጋሼ ወረቀት አውጥተው በራሳቸው አባዙት። ከዚያ የአንድ አባል ድርሻ ስንት እንደሚጎድል ጠየቁ። 150 ካሬ ላለው 0.2 ካሬ ነው፤ የአንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት አራት እጥፍ። «እሱንማ ግድግዳው ይበላዋል» አሉና ሳቁ። እኔ ግን ሰነዱ ላይ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍ ባይ ነኝ። ድንበሩ በኮኦርዲኔቱ ይቀመጥ፣ ስፋቱ መሬት ላይ በተለካው ይጻፍ፣ ስኬሉም አብሮ ይኑር። ነገ አንዱ በሜትር ለክቶ «አጭበረበሩን» ቢል መልሱ እዚያው ይገኛል። ቢሮው ስፋቱን የሚያሰላው ከኮኦርዲኔቱ ስለነበር 23,966 ብሎ ተቀበለ። ማኅበሩ በራሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ሁለቱንም አስፍሯል።

የቀረው አጥሩ ነበር። ጎረቤትየው መጀመሪያ «ችካሉን እያየሁ ነው ያጠርኩት» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሰፈር ሽማግሌዎች ባሉበት ከ4ኛው እስከ 3ኛውና እስከ 5ኛው ችካል ያለውን ርቀት በፊታቸው ለካን፣ ኤክሴሉንም በላፕቶፕ አሳየን። ቡና ያቀረቡልን እኒያው እናት ስለ ገልባጭ መኪናው ደግመው ተናገሩ። አጥሩ ክረምቱ ሲወጣ በማኅበሩ ወጪ ይነሣል ተብሎ ተስማሙ። 4ኛው ችካል ተነቅሎ በተሰላው ኮኦርዲኔት ላይ በአዲስ ኮንክሪት ተተከለ። በዲጂፒኤስ ስናየው ከተሰላው 1 ሳንቲም ብቻ ይለያል። ፋይሉ ላይ 4ኛው ሮው አጠገብ «የተተካ» የሚል ማስታወሻ ጨመርን፣ የድሮውንም ቁጥር ሳንሰርዝ።